የግድቡ ላብ

ዓመቱ ስልሳ ሦስት ነው፤ እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ። ከላምበረት ወዲያ ግድብ ሊሠራ ነው፣ ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሾላ ላይ ሰማሁና ጎህ ሲቀድ በእግሬ ወጣሁ። ያኔ ያ አገር ሁሉ ጤፍና ስንዴ ነው። ዛሬ ሲኤምሲ ብለው ቪላ የደረደሩበት፣ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ከመኪና የሚወርዱበት ሜዳ ያን ጊዜ በበሬ ይታረስ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ስትወርድ ሸለቆ አለ፣ በሸለቆው አንዲት ወንዝ፣ በወንዟ ዳር ሸምበቆ። ግድብ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም። አፈር ያሸክሙኛል ብዬ ነው የሄድኩት፤ እውነትም አሸከሙኝ። በቀን አንድ ብር ከስሙኒ። ስሙኒን ዛሬ የሚያውቃት ሰው የለም፤ ያኔ ግን ዳቦና ሻይ ነበረች።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሾላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ወርጄ ነበር። ባለበርበሬዋ ሁለት ኪሎ መዝና ፌስታሌ ውስጥ ልትገለብጥልኝ ስትል ከጎኔ የቆመች ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ለሳቸው ነው እንዴ የምትሸጪው? እኚህ እኮ ናቸው ጠበሉን ያደረቁት!» አለቻት። ባለበርበሬዋ ቀና ብላ አየችኝ። በርበሬውን መልሳ ከክምሩ ላይ ደፋችው። «ይቅርታ አባባ፣ ከሌላ ይግዙ፤ ገበያዬን አያበላሹብኝ» አለች። ከሌላ ገዛሁ። ሾላ ላይ በርበሬ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ንዴቱ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ አያምርም፣ ቃል አሳምሬም አላውቅ። ቢሆንም ሰዉ በየደጁ የኔን ነገር እንዳሻው ሲያወራ ከሚውል እኔው ልናገረው። ጠበሉን አድርቀሃል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ አድርቄዋለሁ።

ግድቡን ያሠራው የአንድ ትልቅ ድርጅት ባለቤት ነው፣ ለሠራተኞቹ መዝናኛ ብሎ። ትልቅ ግድብ እንዳይመስላችሁ። ቁመቱ የሦስት ሰው ቁመት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። የአፈር ግድብ ነው። የድንጋይ ግንብ ያለው አፉ ላይ ብቻ ነው። አፉ የምለው ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ነው፤ ከግድቡ ዳር በኩል የተገነባ ሰፊ ቦይ ነው፣ ክረምት ላይ የሞላው ውሃ ግድቡን ሳይነካ በዚያ ዞሮ ወንዙ ይገባል። አፉ ላይ ወፍራም የዝግባ ሳንቃ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል። በመስከረም ሳንቃ ስትጨምር ሐይቁ ይሞላል፤ በሰኔ ሳንቃ ስታወጣ ሐይቁ ይጎድልና ለክረምቱ ዝናብ ቦታ ይለቃል። ይኸው ነው ጥበቡ።

ሥራውን የሚመራው ጋሽ ዋቅጅራ የሚባል ፎርማን ነበር። ፈረንጁ መሐንዲስ በሳምንት አንድ ቀን በላንድሮቨር መጥቶ ወረቀት ይዘረጋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። ግድቡን የሠራው ጋሽ ዋቅጅራ ነው። የዚያው አገር ሰው ነው፤ ውሃው የሚተኛበት መሬት አባቱ ያርሱት የነበረ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ሲያወራ አልሰማሁትም። ካኪ ኮት፣ ጭቃ የጠጣ ቦቲ ጫማ፣ ከጆሮው የማትወርድ እርሳስ። የግድቡን ሆድ የሚሞላው አፈር ከሸለቆው አይወሰድም አለ፤ የሸለቆው አፈር ጥቁር ነው፣ በጋ ይሰነጠቃል። ማዶ ካለው ጉብታ ነጩን አፈር እያስቆረጠ አሸከመን። ስስ አድርጎ ያስነጥፋል፣ ውሃ ያስረጫል፣ በበሬና በሰው እግር ያስረግጣል፣ ከዚያ በተረከዙ ይወጋዋል። ተረከዙ ከሰመጠ «እንደገና!» ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ በግድቡ ጀርባ፣ ውሃ በሌለበት በኩል፣ ግርጌው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ድንጋይ አስደረደረን።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ያየዋል? ውሃው ያለው በዚያኛው በኩል አይደለም እንዴ?» አልኩት። ጀርባዬ ተልጦ ነበር፣ ምርር ብሎኝ ነው።

«የአፈር ግድብ ያልበዋል ሀብቴ» አለኝ። «ሸክም የተሸከመ ሰው እንደሚያልበው። ይሄ ድንጋይና አሸዋ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣው ነው። ላቡ ጥርት ካለ ተወው፣ ጤነኛ ነው። የደፈረሰ ቀን ግን ሥጋው ከውስጥ እየሄደ ነው። ያን ቀን ሳንቃህን አውጣ፤ ማንንም አታስፈቅድ።»

ግድቡ ሲያልቅ ሌላውን ሁሉ አሰናበቱ፣ እኔን የውሃ ዘበኛ አድርገው አስቀሩኝ። ሥራዬ ምንድነው፣ ጠዋት ጠዋት ግርጌው ሄጄ ላቡን በነጭ ጠርሙስ እቀዳለሁ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ አየዋለሁ፣ እደፋዋለሁ። በቃ። ሰው ይስቅብኝ ነበር። «ሀብቴ አረቄውን ሊቀምስ ሄደ» ይላሉ።

እሑድ እሑድ ግን ምን ልበላችሁ። በውይይት ታክሲ፣ በድርጅቱ አውቶብስ፣ በእግርም ይመጣል ሰው። ወንዱ ቤልቦተም ሱሪ ታጥቆ፣ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ አሞራ ክንፍ ተዘርግቶ፣ ጸጉሩ አፍሮ፣ ማበጠሪያው ኋላ ኪሱ ብቅ ብሎ። ሴቷ አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ ባለተረከዝ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካባት በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ ሳሩ ላይ። ጀልባ ግማሽ ሰዓት በሃምሳ ሳንቲም፤ ከሴት ጋር ከመጣህ ቀዛፊው ሰዓት አይቆጥርብህም። የተጠበሰ በቆሎ አስር ሳንቲም፣ ለስላሳ መጠጥ ከነጠርሙሱ ሐይቁ ውስጥ በገመድ ተነክሮ የቀዘቀዘ። ግራሩ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ከሠራተኞቹ ክበብ ሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው ሳክስፎን ውሃው ላይ ሄዶ ማዶውን ነክቶ ይመለሳል፣ አንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ የሚዘፈን ይመስላል። ዛሬ እዚያው ቦታ ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ያነሳል፣ ራሱን ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ውሃውን ዞሮ የሚያየው የለም፤ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ነው ፎቶ የሚነሳው።

አስካለን ያገኘኋት እዚያ ነው። የክበቡ ወጥ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር፣ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ሻሽ አስራ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት ያንን ጠርሙስ ይዘህ የት ነው የምትሄደው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት። «ግድብ ያልበዋል! እቴ፣ ስንቱን ሰማሁ!» በዓመቱ ተጋባን።

ጊዜው ተለወጠ። ስለዚያ የሚያወሩ ብዙ አሉ፤ እኔ የማውቀው የበሩ ሰሌዳ ሦስት ጊዜ መቀባቱን ነው። ድምፅ ማጉያውን ፈትተው ለስብሰባ ወሰዱት። ጀልባዎቹ አንድ ባንድ ተሰነጠቁ፣ እንጨታቸውን ሰው ለማገዶ ወሰደው። ጋሽ ዋቅጅራ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ከግድቡ ሠራተኞች የነበርነው ሁለት ነን። ደሞዜ አንድ ወር ይመጣል፣ አንድ ወር ይቀራል፣ በመጨረሻ ጨርሶ ቀረ። ጠዋት ጠዋት መሄዴን ግን አልተውኩም። ከግድቡ በታች ከብት ይግጥበት በነበረው መስክ ሰው ቤት መሥራት ጀምሮ ነበራ። አንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ ከዚያ መንደር፣ ከዚያ ቀበሌ። የኔም ቤት እዚያው ነው። ውሃ ከራስህ በላይ ተኝቶ አንተ ከሥሩ ስትተኛ፣ ደሞዝ ተከፈለ አልተከፈለ ብለህ አታየውም።

እንግዲህ ጥፋቴ ጋ ደረስኩ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አስካለ ጉልበቷን ታመመች። ሐኪም ቤት መርፌ ወጓት፣ ቅባት ሰጧት፣ ምንም። በምርኩዝ መሄድ ጀመረች። ልብስ የምታጥበው ግድቡ ግርጌ፣ ላቡ ከሚጠራቀምባት ትንሽ ኩሬ ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። እግሯን ነክራ ትቀመጣለች፣ ደስ ይለኛል ትላለች። በፍልሰታ ሱባኤ ገባችና በየቀኑ እየጸለየች ጉልበቷን ታጥበው ጀመር። ጾሙ ሲፈታ ምርኩዙን እዚያው ትታ በእግሯ ቤት ገባች። በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ሰው አልነገረኝም። በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ ኩሬዋ ዳር ቆመ። የሰፈራችን ቄስ አባ ወልዴ መጡ። አባ ወልዴ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሰው እልል ስላለ አብረው እልል አይሉም። እኔን ጠሩኝ።

«ሀብቴ፣ ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበርከው አንተ ነህ። ይህ ምንጭ ከመቼ ጀምሮ ያለ ነው?»

አስካለ አጠገባቸው ቆማለች፣ ምንም ሳትደገፍ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አለ፣ አባ» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። እውነቱንም አልተናገርኩም። እልልታው ቀለጠ። ከዚያማ ውሃው እንዲበረክት ይቆፈር ተባለ። ጋሽ ዋቅጅራ ያስደረደረውን ድንጋይ አንድ ባንድ አነሱት። ጠጠሩን ዛቁት። አሸዋው ለልስን ጥሩ ነው ብለው እየተሸከሙ ወደየቤታቸው ወሰዱት። ጉድጓዱን ወደ ግድቡ ውስጥ አስጠግተው ቱቦ ሰኩበት፣ በቆርቆሮ መጠመቂያ ሠሩ፣ የወንድ ለብቻ የሴት ለብቻ። ዶማውን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። ጠበል አላማም። ክርስቲያን ነኝ፤ ትውልድ አገሬ ከዓለት ሥር የፈለቀ ጠበል እየጠጣሁ ነው ያደግኩት። እኔ የምለው የግድብ ግርጌ አይቆፈርም ነው። ይህቺን አንዲት ቃል ሃያ ዓመት አፌ ውስጥ ይዣት ኖርኩ፤ አስካለ በእግሯ ገበያ ወርዳ በእግሯ ስትመለስ እያየሁ።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሐይቁን አዲስ ሰው ያዘው፤ ሪዞርት ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ብሩክ የሚባል ወጣት ነው፣ ጆሮው ላይ ሽቦ የሌለው ነገር ሰክቶ ብቻውን የሚያወራ። ሙሽሮች ተቀምጠው ፎቶ እንዲነሱበት ብሎ አፉ ላይ፣ ከሳንቃዎቹ ፊት፣ ወገብ የሚደርስ ግንብ ሠራና ነጭ ሴራሚክ ለበጠበት። ሳንቃ ማውጣት ቀረ። ሐይቁ ክረምት ከበጋ ጢም ብሎ ይውላል። በችግኝ ተከላ ቀን ደግሞ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ሰዎች አምጥቶ ግድቡ ትከሻ ላይ ባሕር ዛፍ አስተከለ። የባሕር ዛፍ ሥር ውሃ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚሄድ ያረሰ ሰው ያውቀዋል።

«ልጄ፣ ይህ ውሃ በሰኔ መጉደል አለበት» አልኩት።

«ፋዘር፣ እኛ የምንሸጠው ቪውውን ነው እኮ። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ይታያል። ሙሽራ ጭቃ አጠገብ ፎቶ ትነሳለች?»

«ግድቡ ቢሄድስ?»

«ሃምሳ ዓመት ያልሄደ ዘንድሮ የት ይሄዳል?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ከጆሮው ጋር ወሬውን ቀጠለ።

ዘንድሮ ሐምሌ ዝናቡ ጠና። አንድ ጠዋት ከቱቦው በጠርሙሴ ቀድቼ ወደ ብርሃን ባነሳው ማዶው አልታይ አለኝ። ነጥቷል። መሬት ላይ አስቀምጬው ጥቂት ጠበቅኩ። ከታች የጥፍር ውፍረት ያህል አፈር ተኛ። በጣቴ አውጥቼ ፈተግኩት። ከጉብታው ቆርጬ በራሴ ጀርባ የተሸከምኩት ነጭ አፈር ነው፤ ከግድቡ ሆድ በቀር እዚያ ሸለቆ ውስጥ የትም የለም። ከኋላዬ ደግሞ አንዲት ሴት የቀዳችውን ጄሪካን ዘቅዝቃ አየችና ጮኸች፦ «ወተት ሆነ! እናንተ ሰዎች፣ ወተት ሆነ!»

በዚያው ሳምንት ሰልፉ በሦስት እጥፍ አደገ። ከሲኤምሲ በመኪና፣ ከቦሌ ሚካኤል በሚኒባስ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡም አሉ። ሁሉም የሚቆመው ግድቡ ሥር ነው። ግድቡ ቢናድ መጀመሪያ የሚወስደው እነሱን ነው፣ ከነሱ ቀጥሎ መንደሩን። ከሰልፉ ፊት የምትቆመው ደግሞ አስካለ ናት። መጀመሪያ የዳነች እሷ ናትና ሰው ያከብራታል፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ሳትቀዳ ሌላው አይቀዳም።

ብሩክ ጋ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ወረዳው መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ። «በጽሑፍ ያምጡ አባባ» አለች። በዚህ በማያምር እጄ ጻፍኩና አመጣሁ። አነበበችው። «ባለሙያ የሚወጣው ከመስከረም በኋላ ነው፤ አሁን ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አለችኝ። ግድብ በዝናብ እንደሚናድ፣ በመስከረም ፀሐይ እንደማይናድ ላስረዳት ሞከርኩ። ማህተም መትታ ፋይል ውስጥ አስገባችው።

በመጨረሻ አባ ወልዴ ጋ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ጋሽ ዋቅጅራ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ አሸዋው፣ ስለ ነጩ አፈር።

«ያን ዕለት ጠይቄህ ነበር» አሉ።

«ጠይቀውኛል አባ።»

«በሰው ሁሉ ፊት ጠይቄህ ነበር ሀብቴ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እንግዲያው አሁንም በሰው ሁሉ ፊት ተናገር። እኔ በሌላ ሰው ቃል ይህን ሕዝብ አልበትንም።»

ተናገርኩ። ጠዋት ሰልፉ መሃል ድንጋይ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ይህ ውሃ የሐይቁ ነው፣ የነጣው ግድቡ ከውስጥ ስለተበላ ነው፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ከዚህ ራቁ አልኳቸው።

«አባባ፣ ጴንጤ ሆኑ እንዴ?» ብሎ አንዱ ሰዉን አሳቀው።

«ሃያ ዓመት ከሚስትህ ጋር ስትጠጣው ኖረህ ዛሬ ነው የመረረህ?» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ስንት ጊዜ በሐዘን በደስታ አብረን የተቀመጥን ሴት።

«ሪዞርቱ ነው የላከው! ቦታውን ሊወስዱት ነው!» አለ ሌላው፣ እሱ ላይ ሰዉ ሁሉ ተስማማ። አንድም ሰው ከሰልፉ አልወጣም። አስካለ ከፊት ነበረች፤ ዞራ አላየችኝም።

ምሳ አቀረበች። ሽሮ ነበር።

«አስካለ፣ ያ ውሃ የሐይቁ ውሃ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

እጄ መሶቡ ላይ ቀረ።

«ጠርሙስ ይዘህ ስትመላለስ ያገባሁህ እኔ አይደለሁም? ግድብ ያልበዋል ያልከኝ አንተ አይደለህም? አውቃለሁ። እግዚአብሔር በሐይቅ ውሃ እንዳይፈውስ ማን ከለከለው?»

«ግድቡ ሊሄድ ነው እኮ የምልሽ! አንቺ ሥሩ ቆመሽ...»

«ሀብቴ» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረን፣ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «አንተዬ» ነው የምትለኝ። «ሃያ ዓመት በእግሬ የሄድኩት በምን ይመስልሃል? እሱን መልስልኝና እቀራለሁ።»

ሽሮው ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድጅኖዬን ተሸክሜ ወደ ሪዞርቱ ወጣሁ። የበሩ ዘበኛ ያውቀኛል፣ ቤቱ እንደኔው ከግድቡ በታች ነው። «ጋሼ፣ ድጅኖው ለምንድነው?» አለኝ። «አፉን ልከፍተው» አልኩት። ደመናውን አየ፣ እኔን አየ። «እኔ ሻይ ልጠጣ ሄጃለሁ፤ አላየሁዎትም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የሰኔ ጾም ከተፈታ ወዲህ ሰርግ በዝቷል፤ ነጩ ግንብ ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ተደርድረዋል።

«ተነሱ ልጆቼ። ቬሎሽን ሰብስቢ የኔ ልጅ፣ ጭቃ ይነካዋል» አልኳት።

«አባባ፣ ከፍሬም ይውጡልኝ!» አለኝ ካሜራ የያዘው ልጅ።

ድጅኖውን ሳነሳ ግን ሙሽራው ሙሽሪትን እቅፍ አድርጎ አወረዳት። የመጀመሪያው ምት ሴራሚኩን እንደ ብርጭቆ አረገፈው። ግንቡ ለታይታ የተሠራ ነው፣ ፌሮ የለበትም። ሚዜዎቹ የሰርጉ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ፣ አንዱማ «ጀግና!» አለኝ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በየመሃሉ እያረፍኩ ነው የምመታው። ብሩክ እየሮጠ ሲደርስ ግንቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። «ፋዘር፣ አበዱ እንዴ? ያዙት!» ያዙኝ። ከኋላው ያሉት የዝግባ ሳንቃዎች ግን በስብሰው ኖሮ፣ ግንቡ ሲለቃቸው ውሃው ራሱ ሰባብሮ ጨረሰልኝ። ድምፁ! ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ የማየው ቦዩን ነው። ጋሽ ዋቅጅራ ካስገነባው አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም፤ ውሃው ግድቡን ዞሮ ወንዙ ገባ።

ፖሊስ ጣቢያ እስኪመሽ አቆዩኝ። መርማሪው ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ አስፈረመኝ፣ ይሂዱ አለኝ። ሐይቁ ሁለት ቀን ሲወርድ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት የክንድ ውፍረት የነበረው የቱቦው ውሃ ጣት አከለ። ማክሰኞ ክር ሆነ። ረቡዕ ደረቀ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። እንግዲህ ገባቸው አልኩ። ሐይቁ ሲጎድል ቱቦው ከደረቀ፣ ውሃው ከየት ይመጣ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? ሰዉ ግን ባዶ ጄሪካን ይዞ ቆሞ ሌላ ነገር ነው ያየው። ሽማግሌው በጠበሉ ላይ አፉን ከፈተ፣ እጁን አነሳ፣ እግዚአብሔርም ጠበሉን ወሰደብን አሉ። «እጁ ይድረቅ!» አለች ያቺው ጎረቤቴ። የሚያለቅሱ ነበሩ። በሽተኛ ልጇን አዝላ ከሩቅ የመጣች ሴት ቱቦውን ይዛ ትነቀንቀዋለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ላከ። ለግድቡ ብለው አይደለም፤ እኔ ያፈረስኩትን ንብረት ሊገምቱ ነው። የራስ ቁር ያደረገች ወጣት መሐንዲስ ናት። ውሃው ከሸሸበት በኩል ግድቡን ስታይ ቆየችና ጎንበስ ብላ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ቀዳዳ ውስጥ ክንዷን ሰደደች። እስከ ትከሻዋ ገባ። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። ወደኔ መጥታ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ይሄ ክረምቱን አይጨርስም ነበር» አለችኝ።

«ይህንኑ ለነዚያ ሰዎች ጮክ ብለሽ ንገሪልኝ» አልኳት።

ወደ ሰዎቹ አየች። ብዙ ነበሩ፣ የተቆጡም ነበሩ።

«ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

ጽፋው ይሆናል። እስከ ዛሬ ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም። አንድ ሰው አልሞተም፣ አንድ ቆርቆሮ አልተነካም፤ ስላልሆነ ነገር ማንም አያመሰግንህም። ብሩክ ከሶኛል፣ ቀጠሮ አለኝ። አባ ወልዴ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፣ አንድ ቃል ግን አይናገሩም።

ያን ረቡዕ ቤት ስገባ አስካለ አልነበረችም። ቆይታ መጣች። ቱቦው ጋ ሄዳ ነበር። ግድግዳውን እየተደገፈች ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም። ብትረግመኝ፣ ሳህን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ግራ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚነሳ አንስታ፣ አልጋው ላይ አወጣችው። ላግዛት እጄን ስዘረጋ ጉልበቷን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከሷ ቀድሜ ተነሳሁ። መገናኛ ላይ አዲስ ቢጫ ጄሪካን ገዛሁ። ታክሲ ቀያይሬ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ፣ እያረፍኩ፣ እንጦጦን ወጣሁ። ጠበሉ ጋ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ያካፋል። ከፊቴ ያለችው ሴት ዞራ አየችኝ።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለባለቤቴ። ጉልበቷን ነው።»

«ያድናታል። ብቻ እርስዎ በእምነት ይውሰዱላት» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። ጄሪካኔን ከሷ ጄሪካን ኋላ አስቀመጥኩና ተራዬን ያዝኩ።